ከነአባሪው

የወደቀ ሰው የወደቀበትን ጉድጓድ መልሶ አይከድንም። ይህን ለማወቅ ፖሊስ መሆን አያስፈልግም። የሆስፒታሉ አስተዳደር ግን እኔ ከመድረሴ በፊት «በሥራ ላይ የደረሰ ድንገተኛ አደጋ» የሚል ደብዳቤ ጽፎ፣ ማኅተም አሳርፎበት፣ ለአራት ቦታ ግልባጭ አድርጎ ጠበቀኝ። ሬሳው ገና አልተነሣም ነበር።

ሟቹ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነው። ሠላሳ ዓመት በአንዲት ክፍል ተቀምጦ የሚገባውንና የሚወጣውን ደብዳቤ ሲቆጥር የኖረ፣ ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት አይቶ የማያሳልፍ ሰው ስለነበር ግቢው ሁሉ አባ ማኅተም ይለው ነበር። ያገኘው የአሳንሰር ጠጋኙ ነው። አሳንሰሩ ሁለት ዓመት ቆሞ ከርሟል። ጠጋኙ በዚያ ቀን ከቀትር በኋላ በስምንት ሰዓት ሊያየው መጥቶ ምድር ቤቱን ሲከፍት፣ አባ ማኅተም ጉድጓዱ ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ አገኘው። የደብዳቤ ማስፈረሚያ ደብተሩ አብሮት ወድቆ፣ እዚያ በተጠራቀመው ውሃ ቀለሙ ፈስሶ ነበር።

ፎቁን ወጣሁት። በሌሎቹ ወለሎች የአሳንሰሩ የብረት በር ተቆልፏል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻ በሩ ተነቅሎ፣ ክፍተቱ ላይ አንድ ስስ ጣውላ ተደግፎ፣ ጣውላውን እንዲይዝ ደግሞ ረጅም አግዳሚ ወንበር ተጠግቶበታል። ባለጉዳይ የሚጠብቀው እዚያ ላይ ተቀምጦ ነው። ከወንበሩ ሥር የአባ ማኅተምን መነጽር አንዱን እጀታ አነሣሁ።

«ይህን ጣውላ ማን መለሰው?» አልኩት ጠጋኙን።

«ኧረ እኔ እንጃ። እኔ ከምድር ቤት አልወጣሁም። የወጡት ሰዎችም እንዲሁ እንደተከደነ ነው ያገኘነው አሉኝ።»

ሰውየው ወደኋላ ወንበሩን ተሻግሮ ወድቋል፣ ጣውላውም ወደ ጎን ተንሸራቷል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ጣውላውን አቃንቶ፣ ወንበሩን አስጠግቶ፣ ምናልባትም እጁን አራግፎ ሄዷል።

ሦስተኛ ፎቅ በአንድ ጫፍ መዝገብ ቤቱ፣ በሌላው ጫፍ የዳይሬክተሩ ቢሮ ነው። የዳይሬክተሩ ጸሐፊ ደርባባ ሴት ናት፤ የተጠየቀችውን ብቻ ትመልሳለች።

«ሟቹን መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?»

«ልክ ስድስት ሰዓት ላይ። ቁጥር 214 ደብዳቤ አምጥቶ አስፈረመኝ። ከዚያ እኔ ለምሳ ወጣሁ።»

«ጠላት ነበረው?»

«አባ ማኅተም?» ትንሽ አሰበች። «አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ማክሰኞና ሐሙስ የማይቀሩ። ባለፈው ሳምንት 'ካንተ ጋር አንድ ቀን እንተያያለን' ሲሉት ሁላችንም ሰምተናል።»

ሽማግሌውን በማግሥቱ ዓርብ ጠዋት፣ ቀናቸው ባይሆንም፣ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘኋቸው። ጉልበታቸው ላይ በወረቀት ያበጠ የላስቲክ ከረጢት አስቀምጠዋል። አጠገባቸው ስቀመጥ ጠጋ አሉልኝ።

«ልጄ፣ አንተም ቅሬታ ልታስገባ ነው?»

«ፖሊስ ነኝ አባባ። ሟቹን አስፈራርተውታል ይባላል።»

«ብዬዋለሁ። ሰባት ወር ሙሉ 'ሐሙስ ይምጡ' የሚለኝን ሰው ምን ልበለው?» አሉና ከረጢቱን ፈቱ። «ልጄ ትርፍ አንጀት ነው፣ ቀላል ነው ተብላ በእግሯ ገባች። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ደም ሲፈሳት ዋለ። ሐኪም ተጠራ፣ ሐኪም አልመጣም። ማታ ሬሳ ውሰዱ አሉኝ።»

«ቅሬታውን ለማን አቀረቡ?»

«መጀመሪያ በሩ ላይ ያለው ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ከሣጥኑ ወደ መዝገብ ቤት፣ ከመዝገብ ቤት ወደ ዳይሬክተሩ ሄደ። ዳይሬክተሩ ለቀዶ ሕክምና ክፍል መሩት። ክፍሉ 'ሐኪሙ በሰዓቱ ተገኝቶ ታካሚዋን አይቷል' ብሎ መለሰ። ይግባኝ ብዬ ጤና ቢሮ ሄድኩ። ቢሮው 'መልስ ስጡበት' ብሎ ወደዚሁ ላከው። ዞሬ ዞሬ ከአባ ማኅተም ጋር ተፋጠጥኩ።»

«ሐኪሙ ማን ነበር?»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። በሕይወቴ ካየኋቸው ፈገግታዎች ሁሉ የከፋው እሱ ነው።

«የዚያን ቀን ተረኛው ሐኪም፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊውና የሆስፒታሉ ዳይሬክተር አንድ ሰው ናቸው ልጄ። እኔም የገባኝ በአራተኛው ወር ነው።»

እንዲህ ዓይነት በደል የተሸከመ ሰው ለሰነፍ መርማሪ ሲሳይ ነው። ሰበብ አለው፣ ዛቻውን ሰው ሰምቷል፣ ቦታው ላይ ውሏል። ሰነፍ ነበርኩና አሰርኳቸው። ምን ሰዓት እንደወጡ የሚያውቀው የግቢው ዘበኛ እስከ ሰኞ ፈረቃ አልነበረውም። ሽማግሌው ሦስት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ አደሩ። ዘበኛው ሰኞ መጥቶ መታወቂያ የሚመልስበትን ደብተር ገለጠልኝ፤ በአምስት ሰዓት ከሃያ መታወቂያቸውን ተቀብለው ወጥተዋል። አባ ማኅተም በስድስት ሰዓት በሕይወት ነበር።

ስፈታቸው ይቅርታ አልኳቸው። የሰሙኝ አይመስለኝም።

«ታዲያ እሱ ሞቷል» አሉኝ ከረጢታቸውን እየተቀበሉ። «ቅሬታዬን አሁን ማን ነው የሚቀበለኝ?»

ዳይሬክተሩን ያነጋገርኩት በዚያው ቀን ነው። ለስላሳ ድምፅ ያላቸው፣ ጥፍራቸው የጠራ ሰው ናቸው። ወንበር ስበው አስቀመጡኝ።

«በዚያ ቀን ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ጤና ቢሮ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። የተመለስኩት በዘጠኝ ሰዓት ነው። ቃለ ጉባዔው አለ፤ አሥራ አንድ ሰው ፈርሞበታል።»

«ከሟቹ ጋር ቅራኔ ነበረዎት?»

«ከአባ ማኅተም ጋር?» አሉ፣ ልክ እንደ ጸሐፊያቸው። «ሠላሳ ዓመት እሺ ሲል የኖረ ሰው ነው። ከእሱ ጋር ማን ይቀያየማል?»

ቃለ ጉባዔውን አየሁት። ስማቸው አንደኛ ተራ ላይ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ነርስ ቢሮዬ መጣች። የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ናት፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት፣ ዓይኗ ሥር እንቅልፍ ማጣት የጠቆረባት። አልቀመጥም ብላ ቆመች።

«ሽማግሌውን አሰሩ ሲሉ ሰምቼ አንጀቴን በላኝ» አለች። «በእኔ ጦስ ነው።»

«ተፈተዋል። በአንቺ ጦስ እንዴት ሆነ?»

«የልጃቸው ዕለት አራት ነርሶች ነበርን። ዳይሬክተሩን አራት ጊዜ በስልክ ጠራናቸው። 'እመጣለሁ' አሉ፣ አልመጡም። ልጅቷ ከሞተች በኋላ መጥተው ቻርቱን አስወጡና 'በስድስት ሰዓት ታይታለች' ብለው ጻፉበት። ወራት ዝም አልኩ። ከዚያ ሽማግሌው ከወንበሩ ላይ አልነሣ ሲሉብኝ፣ ያየሁትን በእጄ ጽፌ፣ ስሜን ሳልጽፍ ሣጥኑ ውስጥ ከተትኩ።»

«ለሕጉ ሲባል ወደ ተከሳሹ ሄዷላ።»

«ዋናው አልሄደም። መመሪያው ቅሬታ ከነአባሪው ለሚመለከተው ይላክ ነው የሚለው። የሚመለከተው ደግሞ የተከሰሰው ነው። አባ ማኅተም ጽሕፈቴን አወቀው። ቻርት ሲመዘግብ ስንት ዓመት አይቶታል! ቁጭ ብሎ በማሽን ገለበጠና ግልባጩን ላከ። ዳይሬክተሩ 'ዋናውን አምጣ' ብለው ያዙት። እሳቸውም ቢሆኑ የሁላችንን ጽሕፈት ያውቃሉ።»

«አሁን ዋናው የት ነው?»

ከቦርሳዋ አራት ቦታ የታጠፈ አንድ ወረቀት አወጣች፣ ግን አልሰጠችኝም።

«በሞተበት ቀን ጠዋት መለሰልኝ። 'ልጄ፣ እኔ ሰው ሲቆጣኝ እሺ ማለት ልማዴ ነው፣ እኔ ዘንድ አታስቀምጪው' አለኝ። 'ምን ትላቸዋለህ?' ስለው፣ 'ትዕዛዙን በጽሑፍ ይስጡኝ እላቸዋለሁ' አለና ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።»

«ወረቀቱን ስጪኝ እህቴ። ያለሱ ሰበቡን ማሳየት አልችልም።»

«ስሜ አይወጣም? ታማ የተኛች እናት አለችኝ፤ ከእኔ ደሞዝ ሌላ የላትም።»

«አይወጣም። ቃሌ ነው።»

ሰጠችኝ። እጇ ላይ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ለቀቀችው።

መዝገብ ቤቱን ከፍቼ የአባ ማኅተም ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጠረጴዛው ላይ ሁሉም ነገር በመስመር ተቀምጧል፤ ማኅተሙ፣ ቀለሙ፣ ቁጥር መምቻው። ቁጥር መምቻ ማለት ደብዳቤ ላይ ቁጥር የሚመታ ማሽን ነው፤ አንዱን ከመታ በኋላ ራሱ ወደ ቀጣዩ ይዞራል። ቁራጭ ወረቀት ላይ መታሁት። 216 አለ።

ደጋግሜ አየሁት። ጸሐፊዋ በስድስት ሰዓት የተቀበለችው 214 ነው። ከዚያ በኋላ ሰውየው አንድ ደብዳቤ ጽፎ፣ 215 ብሎ መትቶ፣ ማስፈረሚያ ደብተሩን ይዞ ወጥቷል። ደብተሩን ይዞ ነው የሞተው። ማስፈረሚያ ደብተር ይዞ ሽንት ቤት የሚሄድ የለም።

«ቁጥር 215 የት ነው?» አልኳት ጸሐፊዋን።

«አላስታውስም። ዳይሬክተሩ ፋይል አድርጊ ካሉኝ ፋይል አደርጋለሁ፣ አላነብም።»

«ከዚያ ቀን ወዲህ ምን ፋይል አደረግሽ?»

ተነሣችና «የተዘጉ ጉዳዮች» ከሚለው መደርደሪያ አንድ አቃፊ አወረደች። ቁጥር 213 አለ። 214 አለ። ከ214 ቀጥሎ 215 ራሱ፣ በሥርዓት ተበስቶ፣ በክር ታስሮ ተቀምጧል።

«ጉዳዩ፦ ትዕዛዝ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ» ይላል። «ስሙ ያልተገለጸ ሠራተኛ ያቀረበውን ቅሬታ በማሽን ገልብጬ ማስረከቤ ይታወሳል። የእጅ ጽሑፉን ዋናውን እንዳመጣ በቃል ታዝዣለሁ። ትዕዛዙ በጽሑፍ ካልተሰጠኝ ለመፈጸም የምቸገር መሆኑን በአክብሮት እገልጻለሁ።» ቀኑ የሞተበት ቀን ነው። ሠላሳ ዓመት ጠብቆ አንድ ጊዜ እምቢ አለ፤ እሱንም በአክብሮት።

በኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ ከሐኪም በማይጠበቅ ውብ ጽሕፈት፣ አንዲት ቃል ነበረች፤ ከሥሯ ፊርማና ያው ቀን።

ከዚያ ጤና ቢሮ ደወልኩ። ስብሰባው ከስድስት እስከ ስምንት ለምሳ ተበትኖ ነበር። ቃለ ጉባዔ ምሳ አይመዘግብም። ከቢሮው እስከ ሆስፒታሉ በመኪና አሥር ደቂቃ ነው።

ዳይሬክተሩ ፊት 215ን አስቀመጥኩ።

«ይህ የእርስዎ ጽሕፈት ነው?»

«ነው። ከስብሰባ ስመለስ የመራሁት ነው።»

«የተመለሱት በዘጠኝ ሰዓት ነው። ሬሳው በስምንት ተገኝቷል፣ በዘጠኝ ግቢው ሁሉ እያለቀሰ ነበር። የጻፉት ቃል ደግሞ 'ያነጋግሩኝ' ነው። ለሞተ ሰው ያነጋግሩኝ ብለው ጻፉ?»

መነጽራቸውን አወለቁ። ኮሪደሩ ላይ የሚገፋ አልጋ ጎማ ይንጫጫል።

«የምነግርህን ደግሜ አልናገርም፣ አልፈርምበትምም» አሉ፤ «እርስዎ» ማለቱን ትተውት ነበር። «ለምሳ ቢሮዬ መጣሁ። ይህን ይዞ ገባ። አነበብኩ፣ እንደ ልማዴ መርቼ መለስኩለት። 'ይኸው አነጋግረኝ፣ ወረቀቱ የት ነው?' አልኩት። 'በጽሑፍ ይዘዙኝ' አለኝ። ወጣ፣ ተከተልኩት። ወንበሩ ጋ ስንደርስ አሁንም 'በጽሑፍ' አለኝ። እሱ! በሠላሳ ዓመቱ ቀና ብሎ የማያየኝ ሰው! ገፋ አደረግሁት። ገፋ ብቻ።»

«ከዚያ ጣውላውን መለሱ።»

«ሰው እንዳይወድቅበት» አሉ። የቀለዱ አይመስለኝም።

«ደብዳቤውን ለምን አልቀደዱትም? ከእጁ ወስደዋል። ቢቀድዱት እኔ ምንም አልነበረኝም።»

የገረማቸው ጥያቄው ነው።

«ቁጥር አለው እኮ» አሉ። «ቁጥር ያለው ደብዳቤ አይቀደድም።»

ሰው ገድሎ ወረቀት መቅደድ ያቃተው ሰው ፊት ተቀምጬ ነበር።

አለቃዬ ፋይሉን ቆመው አነበቡት።

«ማስረጃህ አንድ ቃል ነው» አሉኝ።

«ቀን አለበት ጌታዬ። ሰበቡም ይኸው፣ የነርሷ ቅሬታ።»

«ቅሬታው እውነት ከሆነ ነው ሰበብ የሚሆነው። ሐኪም አጥፍቷል አላጠፋም የምለው እኔ ነኝ? የሙያ ሥነ ምግባር ኮሚቴ አለ። እዚያ ጻፍ። እነሱ አጥፍቷል ካሉ እኔ ራሴ አስረዋለሁ።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ ሥራቸው ላይ ናቸው። የት ይሄዳሉ?»

የኮሚቴው ቢሮ ሌላ ሕንፃ፣ ሌላ በር፣ ሌላ ዘበኛ ነው። ይህ አጽናናኝ። የነርሷን ቅሬታ ፎቶ ኮፒ ይዤ ሄድኩ። የኮሚቴው ጸሐፊ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አንሥቶ መለሰልኝ።

«ፎቶ ኮፒ አንቀበልም። ኮሚቴው የሚያየው ዋናውን ነው።»

«ዋናው በሌላ ሰው እጅ መግባት የለበትም።»

«ደብዳቤዎ ላይ ይጻፉታ።»

ጻፍኩ። «የጥቆማው ምንጭ በምስጢር ይጠበቅ» ብዬ፣ ከሥሩ አስምሬ፣ ዋናውን አያይዤ፣ «ከነአባሪው አንድ ገጽ» ብዬ ፈረምኩ። እጄን በቆረጠው! አባ ማኅተም ቁጭ ብሎ በማሽን የገለበጠውን፣ ሞቶ ያልሰጠውን ወረቀት፣ እኔ በማስፈረሚያ ደብተር አስፈርሜ አስረከብኩ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ ውሳኔው ደርሶ እንደሆነ ልጠይቅ ሄድኩ።

«ገና ነው» አለኝ ጸሐፊው ደስ ብሎት። «ግን ሂደቱን ጠብቋል። ኮሚቴው ከመወሰኑ በፊት መልስ እንዲሰጥበት ተልኳል።»

«ወዴት?»

«ለሚመለከተው ነዋ። ይኸው፣ ቀሪው።»

እነሱ ጋ የቀረውን ግልባጭ አየሁት። የእኔን ዓረፍተ ነገር አንድም ቃል ሳያጎድሉ ገልብጠውታል፤ «የጥቆማው ምንጭ በምስጢር ይጠበቅ።» መስመሩንም አልረሱም። ከሥሩ «ከነአባሪው» ይላል። የሄደው ሰኞ ነው።

ወደ ሆስፒታሉ በርሬ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ጎድሎታል። ነርሷ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከእሷ ራቅ ብሎ ሽማግሌው ከረጢታቸውን ታቅፈዋል።

«ተጠርቼ ነው» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ቢኖር በተሻለኝ። «ወረቀቱን ከቻርቴ ጎን ለጎን አድርገው አዩት አሉ። በቀይ መርተውበታል።»

«ምን ብለው?»

በአገጯ የዳይሬክተሩን በር አመለከተችኝ። ማወቅ ነበረብኝ፤ ያቺው አንዲት ቃል ናት።

የዳይሬክተሩ በር ተከፈተ። ጸሐፊዋ የምሳ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ ብቅ አለች።

«ግቢ» አለቻት።

«አብሬያት እገባለሁ» አልኩ ወደ በሩ ጠጋ ብዬ።

«እርስዎ ተጠርተዋል?»

«አልተጠራሁም።»

«እንግዲያው ቅሬታ ካለዎት ሣጥኑ በሩ ላይ ነው» አለችኝ በትሕትና፣ ወደ ደረጃውም ሄደች።

ነርሷ ጋውኗን አቃንታ ገባች። ተከትያት ሄጄ እጀታውን ያዝኩት፤ ከውስጥ ተቆልፏል። አንኳኳሁ። «ስብሰባ ላይ ነኝ» አለ ለስላሳው ድምፅ። የመያዣ ትዕዛዝ የለኝም፣ የኮሚቴ ውሳኔ የለኝም፣ በእጄ ያለው የሰጠሁት ቃል ብቻ ነው፣ እሱንም በልቼዋለሁ። ከመሄድ ሌላ የምችለው መጠበቅ ብቻ ነበር።

ሽማግሌው ከረጢታቸውን ወደ ጉልበታቸው ሰበሰቡ።

«ና ተቀመጥ ልጄ፣ ቦታ አለ» አሉኝ። «ወደኋላ ግን እንዳትደገፍ።»